የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከመርፌው በኋላ ያሉት 6 ሰዓታት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢያን። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ለአንገትና ለወገብ ሕመም ስለሚሰጠው የነርቭ መርፌ። ብዙ ሰው «ነርቭ ብሎክ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ላለፉት 17 ዓመታት ሥራዬ ይኸው ነው፤ መርፌውን እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እኔው ራሴ ተኝቼ ተወግቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ርዕስ ሁሉ ትቼ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

*«ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። አንገቴን ካመመኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሕመሙ ከአንገቴ ተነስቶ በቀኝ ትከሻዬ ይወርዳል። ቀና ብዬ ጣሪያ ማየት አልችልም። መድኃኒቱንም ፊዚዮቴራፒውንም ሞክሬያለሁ። አሁን ሐኪሜ ‹ነርቭ ብሎክ እናድርግ› አሉኝ። ጎረቤቴ ስትሰማ ‹ነርቭሽን ሊገድሉት ነው፤ ሽባ ትሆኛለሽ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ነርቩን ይገድለዋል?»*

አይገድለውም። ዛሬ ማታ እንቅልፍዎን ይተኙ።

በመርፌው የሚገባው ማደንዘዣ ነው፤ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ይባላል። ጥርስዎን ተነቅለው ያውቃሉ? ያን ዕለት ከንፈርዎ ደንዝዞ ውኃ ሲጠጡ ይፈስብዎት ነበር። ከሰዓታት በኋላ ግን እንደነበረ ተመለሰ። ይኼኛውም የዚያው ቤተሰብ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም በትንንሽ በሮች ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። ማደንዘዣው እነዚያን በሮች ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋቸዋል። ደም መድኃኒቱን አጥቦ ሲወስደው በሮቹ መልሰው ይከፈታሉ።

ሽባ ስለመሆን ያስፈራዎትን ነገር ለመመለስ የትኛው ነርቭ እንደሚደነዝዝ ማወቅ አለብዎት። አንገት 7 አጥንቶች አሉት። ከኋላ በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ አንዱን አጥንት ከሌላው ጋር የሚያያይዙ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ቀና ስንል እርስ በርስ የሚጫኑት እነሱ ናቸው። ጣሪያ ማየት አለመቻልዎ ሐኪምዎን እነዚህን መገጣጠሚያዎች ሳያስጠረጥራቸው አልቀረም። ከመገጣጠሚያው ሕመሙን ይዘው የሚሄዱት እንደ ክር የቀጠኑ ነርቮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ለአንድ መገጣጠሚያ ሁለት ናቸው። እጅ አያንቀሳቅሱም፣ እግር አያንቀሳቅሱም። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሊትር አይበልጥም።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎት፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው። በሆድዎ ወይም በጎንዎ ይተኛሉ። አንገትዎ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይጸዳል። በላይዎ ላይ ትልቅ ቅስት የሚመስል የራጅ መሣሪያ ይመጣል፤ ሐኪሙ የመርፌውን ጫፍ በስክሪን እያየ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ሐኪም በአልትራሳውንድ ይሠራዋል። በመጀመሪያ ቆዳው ሲደነዝዝ ንብ እንደነደፈዎት ያቃጥላል። ከዚያ ግፊት ይሰማዎታል። አንዳንዴ የለመዱት ሕመም ራሱ ለቅጽበት ይቀሰቀሳል። እንዲህ ከሆነ ዝም አይበሉ፤ ይናገሩ፤ ለሐኪሙ ጠቃሚ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለሰዓታት ብቻ የሚቆይ መድኃኒት ለሁለት ዓመት ሕመም ምን ይረባል? ለማዳን ብዙም አይረባም፤ ለመጠየቅ ግን ይረባል። ሐኪምዎ «አንገትሽን የሚያሳምምሽ ይኼ መገጣጠሚያ ነው ወይ?» ብለው እየጠየቁ ነው። ነርቩ ሲደነዝዝ ሕመሙ ጥርግ ብሎ ከጠፋ፣ አዎ ማለት ነው። ካልጠፋ አይደለም ማለት ነው። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ክሊኒኩ ውስጥ አይደለም። ከወጡ በኋላ ባሉት ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ እርስዎ ጋ ነው።

ይህን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ከ6 ዓመት በፊት የታችኛው ወገቤ አልታጠፍ፣ አልዘረጋ አለኝ። ተመርምሬ ይህንኑ መርፌ ተወጋሁ። ሐኪም ስለሆንኩ «አንቺማ ታውቂዋለሽ» ብለው ምንም ሳይነግሩኝ አሰናበቱኝ። ሌሊቱን ተረኛ ስለነበርኩ ደክሞኝ ነበር። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ስነቃ መሽቷል፤ መድኃኒቱም ሥራውን ጨርሷል። በሳምንቱ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ተኝቼ የሚያመኝ ነገር የለም፤ የሚያመኝ ስታጠፍ ነው። መርፌው እንደገና ተደገመ። አንድ ቀን፣ አንድ ራጅ፣ አንድ መርፌ በከንቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳልሰጥ ያሰናበትኩት በሽተኛ የለም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከመርፌው በፊት ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡትና ይጻፉት። ሐኪምዎ ከፈቀዱ በዚያ ጠዋት ማስታገሻ አይውሰዱ። የሚያስተኛ መድኃኒት ባይሰጥዎት ይሻላል፤ እንቅልፍ ይዞዎት መልሱን ማወቅ አይችሉም። ቤት ሲደርሱ አይተኙ። የሚያምዎትን ነገር ሆን ብለው ያድርጉት፤ ቀና ይበሉ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ፣ ጣሪያውን ይዩት። ሳያጋንኑ፣ ሳይሳቀቁ፣ እንደ ወትሮው። በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን ይጻፉ። «ተሻለኝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይጠቅመኝም። «ከ8 ወደ 2 ወረደ፤ በአምስተኛው ሰዓት 6 ሆነ» የሚለው ግን ብዙ ይነግረኛል።

ብዙ ሐኪሞች በሌላ ቀን ይደግሙታል። አይናደዱ። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ብቻም ሕመም ይቀንሳል፤ አንድ መልስ ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱም ጊዜ አዎ ካለ፣ ቀጣዩ ሐሳብ ነርቩን በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ለአንድ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ተኩል። የጎረቤትዎ «መግደል» የሚለው ቃል ወደ እውነት የሚጠጋው እዚህ ጋ ነው፤ ያ ክር የሚያክል ነርቭ ይቃጠላል። ግን በወራት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ሕመሙም አብሮት ሊመለስ ይችላል።

ይሠራል ወይ? በዚህ ላይ እኛ ሐኪሞቹም አልተስማማንም፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጥንቃቄ ተመርጠው በተፈተኑ 24 የአንገት ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ነርቩ በትክክል የተቃጠለላቸው ሰዎች ከቀድሞው ሕመማቸው ግማሹ እስኪመለስ ድረስ መካከለኛው ጊዜ 263 ቀን ሆነ። መርፌው ገብቶ ነርቩ ሳይቃጠል የማስመሰል ሥራ ብቻ የተሠራላቸው ግን 8 ቀን ብቻ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2025 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው መመሪያ 3 ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ የአከርካሪ ሕመም እነዚህን መርፌዎችና ማቃጠሉን አጥብቆ አይመክርም፤ አንገትም ወገብም ይጨምራል። እኔ ሥራውን አልተውኩትም። ግን ሁለቱ ፈተናዎች ግልጽ አዎ ካላሉ አላቃጥልም። ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቋቸው፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ የተለየ የአንገት መርፌ አለ፤ ስቴሮይድ የሚባል እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት ወደ ህብለ ሰረሰሩ አካባቢ የሚገባበት። እሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ መርፌ አልፎ አልፎ የዓይን ማጣት፣ ስትሮክ፣ ሽባነትና ሞት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በአንገት ውስጥ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚመግቡ ደም ሥሮች አሉ። እንደ ደቃቅ አሸዋ ቅንጣት ያለው ስቴሮይድ እዚያ ከገባ ሊዘጋቸው ይችላል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ቅንጣት የለውም፤ ስለዚህ ይመረጣል። ያቀረቡልዎት ይህኛው ከሆነ «የትኛው ስቴሮይድ ነው? በራጅ እያዩ ነው የሚወጉኝ?» ይበሉ።

*«ዶክተር፣ ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 38። ዲስኬ ተንሸራቶ ከመቀመጫዬ እስከ አውራ ጣቴ ይነዝረኛል። ሰባት ሳምንት ሆነኝ፤ ቁጭ ማለት አቃተኝ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ወገቤ ላይ መርፌ ተወጋሁ። ለአምስት ሰዓት ያህል እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ፤ ሕመም የሚባል የለም! ማታ ተመልሶ መጣ። እንዲያውም ባሰ። ተታለልኩ ማለት ነው?»*

ወንድሜ፣ አልተታለልክም። በዚያች መርፌ ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች ነበሩ። አንደኛው ማደንዘዣው ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ስቴሮይዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንተ አሁን ያለኸው በሁለቱ መካከል ነው። በዚህ መሐል ሕመሙ ለአንድ ሁለት ቀን ቢብስ የተለመደ ነው። እነዚያ አምስት ሰዓታት የተገኘው ነርቭ ትክክለኛው መሆኑን ነው የሚናገሩት። የጻፍከውን ደብዳቤ ኮፒ አድርገህ ለሐኪምህ ስጠው። አልቀልድም፤ ከፋይልህ ውስጥ መግባት ያለበት መረጃ ነው።

ስቴሮይዱ ዲስኩን፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ትራስ፣ ወደ ቦታው አይመልስም። ከዲስኩ የወጣው ነገር ነርቩን ይጫነዋል፤ ደግሞም ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። ስቴሮይዱ ቁጣውን ነው የሚያበርደው። የወጣውን ቁራጭ ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ብዙውን ጊዜ ራሱ ሰውነትህ ነው። ለዚያ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መርፌው የሚሰጥህ እፎይታ ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው፤ ለሁሉም ሰው አይሰጥም፤ ሲሰጥም መጠነኛ ነው። ስለዚህ ሲቀልልህ ያጣኸውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማካካስ ወደ መሪው አትሩጥ። ተራመድ። ፊዚዮቴራፒስቱ የሰጠህን እንቅስቃሴ አሁን ነው የምትሠራው። መንዳት ስትጀምር ቶሎ ቶሎ ቁም፤ ወርደህ ተንጠራራ።

በዚያው ቀን እግርህ ለጥቂት ሰዓት ዝሎ ከነበረ ማደንዘዣው ነው። ቁጭ ወይም ቆም ስትል የሚፈነዳ፣ ስትጋደም የሚተው ራስ ምታት ከመጣ ግን ደውልላቸው። መርፌው የህብለ ሰረሰሩን ሽፋን ነክቶ ፈሳሽ ሲያንጠባጥብ የሚመጣ ነው፤ ይታከማል። (የወገብ ማደንዘዣን እ.ኤ.አ. በ1898 የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር በራሱ ላይ ሞክሮት ለ9 ቀን በዚሁ ራስ ምታት ተሠቃይቷል።)

አሁን የምጽፈውን ደግሞ ሁላችሁም አንብቡት፤ መርፌ የተወጋችሁም ያልተወጋችሁም። ሽንት መሽናት ካቃተህ ወይም ካመለጠህ፤ ብልትህና መቀመጫህ አካባቢ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው ቦታ፣ ከደነዘዘ፤ ሁለቱም እግሮችህ እየደከሙ ከመጡ ነገ አትበል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ከመርፌ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም በየሰዓቱ እየባሰ የሚሄድ የጀርባ ሕመም ከመጣም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በፈንገስ የተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ከ700 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ60 በላይ ገድሏል። እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ነው። ቶሎ የመጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ «ይለፍልኛል» ብሎ የተኛውን ነው የምፈራለት።

*«አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ ለልባቸው ምት መዛባት ደግሞ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወገባቸውን መርፌ ሊወጉ ነው። አንድ ዘመዳችን ‹ደም ይፈሳቸዋል› ስላለን ማቅጠኛውን ከአራት ቀን በፊት አስቁመናቸዋል። ልክ ነን?»*

እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ መጽሔቱን አስቀምጪና ማቅጠኛውን ላዘዙላቸው ሐኪም ደውዪ። ራሳችሁ አትቀጥሉት፤ ራሳችሁም አታቆዩት። የልብ ምት ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ማቅጠኛው የሚጠብቃቸው ከዚህ ነው።

ዘመዳችሁ ያሉት ግን መሠረት አለው። በአከርካሪ ቦይ ውስጥ ደም ከፈሰሰ መውጫ የለውም፤ ተጠራቅሞ ህብለ ሰረሰሩን ይጫናል። ስለዚህ አንዳንዱ መርፌ ማቅጠኛው ቆሞ ነው የሚሰጠው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይቆምም ይሰጣል። ስንት ቀን ይቁም የሚለው እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ ኩላሊታቸው ይለያያል። የሚወስኑት ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ነው። አንቺ አገናኚያቸው። ካልተነጋገሩ ቀጠሮው ይራዘም፤ የወገብ መርፌ አይቸኮልበትም።

ስኳራቸው ስቴሮይድ ከገባ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንት ከፍ ይላል። ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን አስቀድማችሁ ከሐኪማቸው ጋር ተማከሩ። በዕለቱ ትኩሳት ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ካለባቸው ደግሞ ተናገሩ፤ መርፌው ይቆያል።

*«በዓመት ስንት ጊዜ መወጋት ይቻላል?»*

ስቴሮይድ ካለበት ብዙዎቻችን በዓመት ከ3 ወይም ከ4 አናሳልፍም፤ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል፣ የሰውነትን ሆርሞን ያዛባል። «ሦስቱን በተከታታይ መጨረስ አለብህ» ካሉህ ግን ለምን ብለህ ጠይቅ። የመጀመሪያው ምንም ካልረዳህ ሁለተኛውን ለመውጋት ጥሩ ምክንያት ያስፈልጋል።

*«29 ዓመቴ ነው። ወገቤን ካመመኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እግሬ ላይ ምንም የለም። ኤምአርአይ ተነስቼ ‹ዲስክ አብጧል› ተባልኩ። ሳይብስብኝ ቶሎ መወጋት እፈልጋለሁ። ይረዱኛል?»*

ወንድሜ፣ እኔ ጋ ብትመጣ አልወጋህም። ይህን የምልህ ፍርሃትህ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። «ዲስክ» የሚለው ቃል ሰው ላይ እንደ ፍርድ ሲወርድ በየቀኑ አያለሁ። ግን ልብ በል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ፎቶ ሰብስቦ አይቷል። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 30 በመቶው ዲስካቸው አብጧል። 80 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ 84 በመቶው። አንዳቸውም አላመማቸውም! የአንተም ፎቶ ላይ የታየው የሕመምህ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

እግር ላይ ለማይወርድ የወገብ ሕመም የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መርፌ አትስጡ ይላል። ሦስት ሳምንት ደግሞ ገና ነው። ብዙው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። አልጋ ላይ አትዋል። የሚቻልህን ያህል ተንቀሳቀስ፣ ሥራህንም ቀስ ብለህ ቀጥል። ከላይ ለሹፌሩ የጻፍኳቸው ምልክቶች ከመጡ፣ ያለምክንያት ከከሳህ ወይም ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ካለህ ግን ሳትውል ሳታድር ተመርመር። ስድስት ሳምንት አልፎ ካልተሻለህ ጻፍልኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ጥያቄ አይደለም። ባለፈው ወር ወረቀት እንዲይዙ የመከርኳቸው አንዲት እናት የላኩልኝ ነው።

*«ልጄ፣ እንዳልሽኝ ጻፍኩት። ከመርፌው በፊት 7። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 7። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጎንብሼ ጫማዬን አሰርኩ፤ 7። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረጃ ወጣሁ፤ 7። ከአራት ሰዓት በኋላ 8፤ ደክሞኝ ይሆናል። ምንም አልሠራልኝም። ሐኪሙን አሳፈርኩት መሰለኝ፤ ተሽሎኛል ልበለው እንዴ?»*

እማማ፣ እንዳይሉት! ምንም ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ይህንኑ ወረቀት ይስጡት። ነርቩ ደንዝዞ እያለ ጫማዎን ሲያስሩ 7 ከሆነ፣ ሕመምዎ ከዚያ መገጣጠሚያ አይደለም። «ተሽሎኛል» ቢሉት ኖሮ ቀጥሎ ያንን ነርቭ ያቃጥለው ነበር፤ ጥፋት የሌለበትን። አሁን ሐኪምዎ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ዳሌና ጀርባ የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ፣ የዳሌውን መገጣጠሚያ ራሱን፣ ጡንቻዎቹን። ወረቀቱን ሲሰጡት ደረጃ ሲወጡ የቱ ጋ እንደሚያምዎትም በጣትዎ ያሳዩት።